የእናትሽን ጽዋ ስትረከቢ

ልጄ፣ ማኅበርተኞቹ የእናትሽን ጽዋ ለአንቺ ለማስረከብ መወሰናቸውን ሰምቻለሁ። አንቺም «ሥራዬ ቢሮ፣ ጊዜዬ ጠባብ፤ ደግሞ ከማኅበሩ ሰው ግማሹ ከግማሹ ሆድና ጀርባ ነው፤ እንዲህ ያለውን ማኅበር ምን ላደርገው?» ማለትሽ ጆሮዬ ደርሷል። የጠየቅሽው የዋዛ ነገር አይደለም። ስለዚህ «የእናትሽ ወግ ነው፣ ዝም ብለሽ ያዥ» ብዬ አላልፍሽም። ያዥው ነው የምልሽ፤ ነገር ግን ለምን እንደምትይዥው ዐውቀሽ፣ የሚስተካከለውንም ለማስተካከል ቆርጠሽ ግቢ።

የዛሬ ልጆች የምትሉትን አውቃለሁ። ፍቅር የልብ ነው፤ ከልብ ካልመጣ በጠላና በድፎ አይመጣም ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ልብ ብቻውን የሚያፈልቀው ፍቅር ግን ለወደድነው ሰው ነው የሚበቃው፤ ለእኅት፣ ለጓደኛ፣ ጨዋታው ለሚጥመን። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አጠገብሽ የሚቆመው አንቺ የመረጥሽው ሰው አይደለም። አባቱ ከአባትሽ ጋር በድንበር የተካሰሰ አለ። ገበያ ላይ ሚዛን ያጎደለብሽ ነጋዴ አለ። አፏ የማያርፍ ሴት አለች። ለእነዚህ ልብሽ በራሱ ጊዜ አይነሣም፤ የእኔም አይነሣም። የቀደሙት ይህን ስላወቁ ፍቅርን ለስሜት አልተዉትም፤ ቀን ቆረጡለት። በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ፣ በየእሑዱ ደግሞ ሰንበቴ። ቀኑ ሲደርስ ደስ ቢልሽም ባይልሽም አንድ መሶብ ትከቢያለሽ፣ ከአንድ ጽዋ ትጠጫለሽ፣ የቀረውን ሰው «ምን ሆኖ ቀረ?» ትያለሽ። ልብ ኋላ ይደርሳል።

ይህን አገራችን ጋይንት ብቻ የፈጠረው እንዳይመስልሽ። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ካርታጎ ውስጥ ጠርጡሊያኖስ የሚባል ጸሐፊ ክርስቲያኖችን ከከሳሾቻቸው ለመከላከል መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በዚያ መጽሐፍ የጊዜው ምእመናን በየወሩ፣ እያንዳንዱ እንደ አቅሙና እንደ ፈቃዱ፣ ገንዘብ እንደሚያዋጡ ይተርካል። ገንዘቡ ለድግስ አልነበረም፤ ድኻ ለመቅበር፣ ወላጅ የሌለውን ልጅ ለማሳደግ፣ ጉልበቱ የደከመውን ሽማግሌ ለመጦር፣ ስለ እምነቱ የታሰረውን ለመርዳት ነበር። አብረው ሲበሉም ማዕዱ በጸሎት ተጀምሮ በጸሎት እንደሚያልቅ ጽፏል። የእኛን ዕድርና ማኅበር አንድ ላይ ብታደርጊው ይኸው ነው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍ ዲድስቅልያ ደግሞ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። በምእመናን መካከል ጠብ ሲነሣ ጳጳሱ ነገሩን ሰኞ እንዲያየው ያዛል። ለምን ሰኞ? ተከራካሪዎቹ ታርቀው ለሰንበት እንዲደርሱ ሙሉ ሳምንት እንዲኖራቸው ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እደነቃለሁ። ንዴታቸው ሲበርድላቸው ይታረቃሉ ብለው አልተዋቸውም፤ ለዕርቅም ቀጠሮ ሰጡት።

ቅዳሴውንም ልብ ብለሽ ተከታተዪ። ሥጋ ወደሙ ከመፈተቱ በፊት ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ ያዝዛል። ብዙዎቻችን ወደ ቀኝ ወደ ግራ አንገታችንን ሰበር አድርገን እናልፈዋለን። የተቀየምሻት ሴት ሦስት ሰው አልፋ ቆማ ከሆነ ትእዛዙ ስለ እሷ ነው፤ አጠገብሽ ላለችው ወዳጅሽማ ማን ከለከለሽ? ጌታም በተራራው ስብከቱ ዕርቅን ከመባ አስቀድሞታል። የእኛ ሰው ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለው ይህንኑ አይቶ ነው።

በ1977 የሆነውን እናትሽ ነግራሽ ይሆናል። ጋይንትንም ስማዳንም ዝናቡ ከድቶት፣ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ በእግሩ ወደ እብናት መጠለያ የጎረፈበት ዓመት ነው። እኔ ያኔ ገና ወጣት አስተማሪ ነበርሁ፤ ደመወዝ ስለነበረኝ ከጎረቤቶቼ እሻል ነበር። ለኅዳር ጽዮን ተረኛ የነበረችው ሴት ጌሾም ብቅልም አልነበራትም። ማኅበሩ ለዘንድሮ ይቅር የሚል ሐሳብ ተነሣ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ አሻፈረኝ አሉ። ጽዋው በውኃ ተሞላ፤ ካህኑ ባርከው እንደ ወጉ ዞረ። በዳቦ ፈንታ የቀረበው ሽምብራ ቆሎ ነበር። እፍኙ እንዳይበላለጥ ብለው የምትሰፍረው አንዲት ሴት ብቻ ሆነች፤ እጇ ትንሽ ነበር፣ ማንም ግን ይጨመርልኝ አላለም። ከዚያ የቀሩት ቤቶች ስም ተጠራ። ተረኛዋ የእነሱን ድርሻ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ሳይጨልም ይዛ ወጣች። የአንደኛው ቤት በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ ሲከፈት እናት በትኩሳት ወድቃ፣ ልጆቿ አጠገቧ ተኮራምተው ተገኙ። ማኅበሩ ያን ቀን ባይጠጣ ኖሮ ያን በር የሚያንኳኳ አልነበረም፤ ሁሉም በየቤቱ የራሱ ረኃብ ነበረበት። ያቺ እናት ተርፋለች፤ ልጆቿም አድገው ወልደዋል። ጽዋ ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው እኔ የምነግረው ይህን ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ። ያን ክፉ ቀን ያለፈው ማኅበር ዛሬ በፉክክር እየሞተ ነው። አንዷ ዳቦና ጠላ አቀረበች፤ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ወጥ ጨመረች፤ ከሷ ቀጥሎ ዶሮ መጣ፤ ቀጥሎ በግ ታረደ፣ ቢራ በሳጥን ገባ። ባሏ የሞተባት አንዲት ማኅበርተኛ ተራዋ ሲቃረብ ቤተ ክርስቲያን መምጣቷን ተወች። አሟት ነው ብለን ነበር። ሄጄ ስጠይቃት እያለቀሰች የነገረችኝ፣ ድግሱን ለመቻል መሬቷን ኮንትራት ልትሰጥ ሰው እያፈላለገች እንደነበረች ነው። ልብ በይ፤ ለመበለት ሊቆምላት የተሠራ ማኅበር የመበለቲቱን ማሳ ሊያስወስዳት ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 11 የገሠጸው ይህን የመሰለ ማዕድ ነው። ባለጠጋው ቀድሞ የራሱን ይበላል፣ እስኪሰክርም ይጠጣል፤ ድኻው ተርቦና አፍሮ ይመለሳል። ሐዋርያው ያን ማዕድ የጌታ እራት ብሎ ሊጠራው አልፈቀደም።

ስለዚህ ከገባሽ በኋላ አንድ ነገር አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ለድግሱ ወሰን ይበጅለት። ዳቦ፣ ጠላ፣ ቆሎ፤ ሀብታምም ሆነ ድኻ ከዚያ አያልፍ። አነሣሡን ግን እወቂበት። ተራሽ ሲቀርብ ካነሣሽው «ከወጪ ልትሸሽ ነው» ይሉሻል። ተራሽን በደንብ ከተወጣሽ በኋላ አንሺው። በጉባኤ መካከልም ዱብ አታድርጊው፤ አስቀድመሽ ለሙሴው ለብቻቸው ንገሪያቸው፣ ሐሳቡ ከእሳቸው አፍ ይውጣ። ስምሽ ባይጠራበት ምን ጎደለሽ? ከድግሱ የተረፈው ገንዘብ በአንድ ሣጥን ይቀመጥ፤ ቁልፉን ሁለት ሰው ይያዘው፣ ሒሳቡ በየሦስት ወሩ ፊት ለፊት ይቆጠር። ማኅበርተኛ ሲታመም፣ በሬ ሲሞትበት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት ሲያቅተው ከዚያ ይወጣል። የሚሰጠውም ሲሰጥ በጨለማ ይሰጥ። የገጠር ሰው ረኃቡን ይችላል፤ መታየቱን አይችልም።

ስለ መዋጮ ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባና ባሕር ዳር ያሉ የአገራችን ልጆች በስልክ እየተጠራሩ ለየደብራቸው ቆርቆሮ፣ ቀለምና ድምፅ ማጉያ ይልካሉ። እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ሲሰብክ ሕዝቡን የገሠጸበትን አትርሺ፤ ክርስቶስ ደጅ ላይ በድኻው አካል ተርቦ ቆሞ ሳለ የመቅደሱን ማዕድ በወርቅ ዕቃ ማስጌጥ ምን ይረባል ብሎ ነበር። የሚልኩት ብር ሲመጣ ጣሪያው ላይ እንዳያልቅ፣ ከጣሪያው ሥር ለሚራበውም ድርሻ እንዲቆረጥ አንቺ አፍ ሁኚ።

ከጣሪያው ሥር የሚራበው ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፤ የቆሎ ተማሪው ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተልሔም ያለችው እዚሁ ጋይንት ነው። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ሊቃውንቱ የሚጠሩት ዙር አባም የዚሁ የእኛ አካባቢ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ልጅ እየተነሣ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በዚህ አገር ደጅ ለደጅ ሲለምን ኖሯል። ያ የቆሎ ትምህርት ቤት ከመንግሥት በጀት አልነበረውም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እኛ ዘንድ የደረሰው የገበሬ ሚስት ከልጆቿ ቀንሳ በሰጠችው እንጀራ ነው። አንቺም በስሟ የማታውቂያት አንዲት የጋይንት ሴት፣ ማለዳ ውሻዋን ገሥጻ፣ ከመሶቧ ግማሽ እንጀራ አጥፋ የሰጠችው ልጅ ዛሬ የት ደብር መሪጌታ እንደሆነ ማን ያውቃል? እንግዲህ ልጁ በደጅሽ ሲቆም እንጀራውን ሰጥተሽ በሩን አትዝጊ። አገሩን ጠይቂው። ከእናቱ ከተለየ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠይቂው። ዐይኑ ቀልቶ፣ ገላው ተቃጥሎ ካየሽው «ነገ ጤና ጣቢያ እወስድሃለሁ» በይውና ውሰጂው። በየጎጆው ሕመም ሲገባ አብሮ ለመውደቅ የሚቀድሙት እነሱ ናቸው። በማኅበራችሁ ቀንም ከጸበል ጸዲቁ ለእነሱ ጎጆ የሚሄደው ተርፎ ሳይሆን ተቀድሞ ይቆረጥ።

ሐሜትን በተመለከተ ብዙ አልናገርም። ጽዋው ከዞረ በኋላ ጨዋታው ወደ ሰው ቤት ሲገባ፣ «ስለ እሷ እሷ ባለችበት እናውራ» በይ። አንድ ሁለት ጊዜ ይከፉብሻል፤ ከዚያ ይለምዱታል። ደግሞም ፍቅራችሁ በቅጽሩ ግንብ ላይ አይቁም። ሙስሊሙ ጎረቤትሽ ሲያዝን መጀመሪያ ደጁ የምትደርሺው አንቺ ሁኚ፤ እናትሽ እንዲህ ነበረች።

ወደ ከባዱ ልምጣ፤ እሱም ጠብ ነው። በዚህ አገር በድንበርና በደም የተቃቃረ ቤተ ሰብ አንድ ደብር ያስቀድሳል፤ አንዱ በምሥራቅ በር፣ ሌላው በምዕራብ በር ይወጣል። ይህ የገበሬ ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በትልልቆቹም ደርሷል። ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው ከተሰደዱ በኋላ ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆየ። በውጭ አገር ያለው ምእመን በቅዳሴ የማን ፓትርያርክ ስም ይነሣ በሚል ተለያየ፤ በአንድ ከተማ የሚኖር ዘመድ ከዘመዱ ጋር አብሮ ማስቀደስ ተወ። በሐምሌ 2010 ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ ወረደ፤ የሁለቱም ወገን ውግዘት ተነሣ፤ አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ። የአገር ቤቱ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ አስተዳደሩን፣ አቡነ መርቆሬዎስ ጸሎትና ቡራኬውን ይዘው፣ የሁለቱም ስም በቅዳሴ እየተነሣ፣ አቡነ መርቆሬዎስ በየካቲት 2014 እስኪያርፉ ድረስ ቆዩ። እኔ እንደማየው ማን ትክክል ነበር የሚለው ክርክር በየሰው ልብ ሳይቋጭ ነው የታረቁት። ክርክሩ እስኪያልቅ ቢጠብቁ ኖሮ አንዳቸው በስደት አርፈው፣ ቁስሉም ለልጅ ልጅ ይተርፍ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቅሻለሁ። ዕርቅ የበደል መሸፈኛ አይሁን። ባል ሚስቱን ሲደበድብ፣ ሴት ልጅ ስትደፈር፣ የሙት ልጅ መሬት ሲነጠቅ፣ «ለማርያም ብላችሁ ተዉት» የሚል ሽማግሌ ማርያምን አላከበራትም። በአገራችን ወግ እንኳ በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፣ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ካሣውን ይከፍላል፤ ከዚያ ነው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚባለው። ይህ ሲጓደል ተበዳዩን ዝም ማሰኘት ይሆናል፣ ዕርቅ አይሆንም። እንዲህ ያለ ነገር በማኅበራችሁ ቢገጥምሽ ወደ ሕግ ሂጂ፤ የተበደለውንም እጁን ይዘሽ ሂጂ። ይህም ፍቅር ነው።

የአንቺና የአክስትሽ ነገር ግን ከዚያ ወገን አይደለም። የእናትሽ ቀብር ላይ ጎን ለጎን አልቅሳችሁ በአርባዋ ተዝካር አልተነጋገራችሁም፤ ሁላችንም አይተናል። በቤቱና በጓሮው ጉዳይ ክስ እንዳለም አውቃለሁ። መብትሽን ተዪ አልልሽም፤ ቤቱን ፍርድ ቤት ይየው። ሰላምታውን ግን ፍርድ ቤት አይመልስላችሁም። እሷም የዚሁ ማኅበር አባል ናት። አንቺ ጽዋውን ስትቀበይ በአንድ መሶብ ዙሪያ ፊትና ፊት ትቀመጣላችሁ፤ ካህኑ አቡነ ዘበሰማያት ሲያደርሱ በደልን ይቅር ስለማለት የምትጸልዩት አብራችሁ ነው። ዐይን ለዐይን ሳትተያዩ ያን ጸሎት እንዴት ትጨርሱታላችሁ?

ስለዚህ ከቀኑ በፊት ሂጂ። ቃል በሰው አትላኪ፤ ቃል በሦስት አፍ ካለፈ ሌላ ይሆናል። ስለ ክሱ አታንሺ፣ ብታነሣም «እሱ በቦታው ይታያል» ብለሽ እለፊው። ታናሿ አንቺ ነሽና ጉልበቷን ሳሚ። ማን ጀመረ፣ ማን ምን አለ የሚለውን አትቁጠሪ። ስለ እናትሽ ብቻ አውሪ፤ እኅቷ ናት፣ እኩል ነው ያጣችኋት። ቡና ካፈላች ሦስተኛውን ሳትጠጪ አትነሺ። ፊቷን ካዞረችብሽም አትቀየሚ፣ በሳምንቱ ተመለሺ። እኔ ከሁለታችሁም ጋር ንግግር አላቋረጥሁም፤ ብቻሽን መሄዱ ከከበደሽ የፊታችን አርብ ከገበያ ስመለስ በደጅሽ አልፋለሁ፣ ነጠላሽን ለብሰሽ ጠብቂኝ፣ አብረን እንሄዳለን።